ውሃ አላፈስ ያለው ማሽንና ያልነው አሚን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ዘሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታችን በረንዳ የተነሳ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሻርጃ ድረስ በደህና ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽን እንዴት ይዞሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በቅባት ነው የምታታልይው? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እመቤትሽ ልጇን ከዳረች በኋላ ቁጣዋ ቀነሰ ወይ? አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን እንጂ ሌላው ቀስ እያለ ይስተካከላል። እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና አለን። እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ አንደበቷ እንደምታውቂው ነው፣ እሱን የሚያመው ነገር የለም። ባለቤቴ ሙናም ልጃችን ዊዳድም ደህና ናቸው። ዊዳድ ፊደል ጨርሳ አሁን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ካላነበብኩ እያለች በመንገድ ላይ ታስቆመናለች።

ሱሀይላ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ እናንተ ልትመለስ ስለሆነ ይህን ወረቀት በእጇ እንድታደርስልኝ ለምኛታለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም አብሬሽ እስቃለሁ፣ ከዚያ እማ ስልኩን ትቀበለኛለች፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፊቴን በማታዪበት መንገድ መንገር ይሻለኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺም እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውይልኝ።

ነገሩ የላክሽልን የሳህን ማጠቢያ ማሽን ነው። በደወልሽ ቁጥር «ማሽኑ እንዴት ነው?» ትይኛለሽ፣ እኔም «እሱን ለኛ ተይው፣ ይሠራል» እልሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ እቴ። ማሽኑ ለአባታችን ነፍስ ካወጣነው ሰደቃ ቀን ጀምሮ ውሃ አላፈስ ብሎ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

ያ ማሽን ሲመጣ ሰፈሩ ምን እንደሆነ በቪዲዮ አይተሻል። እመቤትሽ አዲስ ስትገዛ የጣለችውን ለምነሽ፣ ጠቅልለሽ፣ የእማ እጅ ይረፍልኝ ብለሽ በካርጎ የላክሽው ዕቃ ነው። አሮጌ ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ደህና ያጥብ ነበር። ችግሩ የኛ ሳህን እንጀራ የሚበላበት መሆኑ ነው። ማሽኑ ከሆዱ በታች ትንሽ ማጥለያ አለው፤ የተረፈ እህል እዚያ ላይ እየቀረ ውሃው ብቻ ወደ ፓምፑ እንዲወርድ ነው። የእንጀራው ፍርፋሪ ሲርስ ይህን ማጥለያ እንደ ሊጥ ይለጥፈዋል። በየጊዜው ማጽዳት ሰለቸኝና አንድ ቀን ነቅዬ አውጥቼ ጣልኩት። እማ ምን አወጣህ ስትለኝ፣ የማያስፈልግ ነገር ነው አልኳት። ዕቃ ሊያስጠግን ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የሚጮህብኝን ሽቦ መቁረጥ፣ የሚያስቸግረኝን ዕቃ ማውጣት የኔ ጥገና ነው። እስካሁን ደግሞ ሰው አመስግኖኝ ነበር የሚሄደው።

የሰደቃው ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። አብረን የምንቀባበርበት የቅሬያችን ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ሳይቀር መጥቷል። ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብም እንደ ሁልጊዜው ገና በጠዋት በጓሮ በር ገቡ። ሥጋው የእስላም ስለሆነ ድስቱ ጋ ሥራ የላቸውም፤ ለክርስቲያኖቹ ሽሮና ምስሩን ሠርተው ሲጨርሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ሳህኑ ሄዱ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በኛ ቤት ድግስ ሳህን የእሳቸው ነው፣ ማንም ደርሶባቸው አያውቅም። እኔ ግን ያን ቀን እንግዳው ሁሉ ማሽኑን እንዲያይልኝ ፈለግኩ። እህቴ ከዐረብ አገር የላከችው፣ እኔ የገጠምኩት እንዲባል ፈለግኩ። ሄጄ የያዙትን ሳህን ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ከመስኮቱ ላይ የተደረደረውን ትንንሹንም ትልልቁንም ሰብስቤ፣ «ይተዉት እትዬ፣ ዛሬ የሚያጥበው ማሽን ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እየሳቁ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «እኔስ መች ጠላሁ» አሉ። ሳህኑን ሁሉ ራሴ ከተትኩ፣ ራሴ ዘጋሁ፣ ራሴ ቁልፉን ተጫንኩ።

ማሽኑ ጥቂት ሲያጥብ ቆየና እንደመንጫረር ብሎ ዝም አለ። ብከፍተው የቀላ ቅባታም ውሃ ሞልቶታል፣ አይወርድም። ሰው ከበበኝ። እኔ ፓምፑ ይሁን ጎማው ይሁን የት አባቴ አውቄ? ግን አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝና አፌን ሞልቼ «ቦርዱ ሄዷል፣ ዕቃው ከውጭ መምጣት አለበት» አልኩ። ሰውም ከንፈሩን መጦ ተበተነ። እትዬ አትጠገብ እጅጌያቸውን እንደገና ሰበሰቡና ሳህኖቹን ከማሽኑ እያወጡ እስከ ማታ አጠቡ።

ማታ እንግዳው ሲያልቅ እማ ቀለበቴ አለች። አባታችን ያደረገላትን ታውቂዋለሽ፣ ከጣቷ ወርዶ አያውቅም። ሥጋ ስታከፋፍል ቅባት እንዳይገባበት አውልቃ በትንሽ ሳህን መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ኖሯል። ሳህኗ አለች፣ ቀለበቱ የለም። ቤቱን ገለበጥነው። ምንጣፍ አነሳን፣ የእህል ጆንያ ፈታን፣ የቆሻሻውን ላስቲክ ሳይቀር በጓሮ ዘርግፈን በጣታችን በተንን። የማሽኑን ሆድ ግን አልነካሁትም። ውሃውን በማግስቱ በጣሳ እየጠለቅኩ አፈሰስኩ እንጂ ከታች ምን አለ ብዬ እጄን አልሰደድኩም። ቦርዱ ሄዷል ካልኩ በኋላ ከታች ስነካካ እማ ብታየኝ፣ ሙያዬ ሊጋለጥ ነው ብዬ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ መጻፌ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንቺም ታውቂያለሽ። እማ እህል አልበላም ስትል፣ ሼህ በሺር ዘንድ ሄጄ ቅሬው ይሰብሰብና በወሰደው ላይ ዱዓ ይደረግልን ያልኩት እኔ ነኝ። የቅሬያችን ዳኛ መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለውን ዱዓ አይወዱም። ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በመጨረሻ ራሳቸው ቤታችን መጥተው፣ ቤታችሁን በደንብ ፈትሻችኋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። «ወላሂ፣ ያልፈተሽኩት ቦታ የለም» አልኳቸው። ወላሂ ብዬ ማልኩ እቴ። ማሽኑ ደግሞ ከኋላዬ ቆሟል።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ በግቢያችን ተሰበሰበ። ሼህ በሺር እጃቸውን ዘርግተው፣ ይህ ቀለበት ያለበት ቤት እስኪመልሰው ድረስ ሰላም አይደርበት፣ ምግቡ አይጣመው፣ እንቅልፉ አይምጣለት አሉ። እስላሙ አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። እማ ከሁሉም ጮክ ብላ አለች። እትዬ አትጠገብ አጠገቤ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እጃቸውን ዘርግተው አሜን ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። አንቺም ነበርሽ። እማ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛው ነበርና ድምፅሽ ከነሳቁ ሳይሆን ከነንዴቱ በግቢው ተሰማ። አሚን አልሽ። ቀጠልሽና «ለመሆኑ መጨረሻ ሳህን ያጠበው ማነው?» አልሽ።

አንቺ ያልሽው በንዴት ነው፣ አውቃለሁ። ከሩቅ ሆኖ የእናትን ለቅሶ የሚሰማ ሰው ምን ይበል? ግን ያን ጊዜ የሰው ዓይን ሁሉ ወዴት እንደዞረ አንቺ አላየሽም። እኔ አይቻለሁ። ማንም ስማቸውን አልጠራም። እትዬ አትጠገብ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ፣ መጀመሪያ ሳህኑን ከእጃቸው የነጠቅኩት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ ማለት ስችል ጫማዬን አይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር አልመጡም። የልጃቸው ባጃጅ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ሲገለበጥ (ልጁ ምንም አልሆነም) እማ ወደኔ ዞራ «አየህ!» አለችኝ። ጥቂት ቆይተው ቤታቸውን ቆልፈው ቦሩ ሜዳ ሌላ ልጃቸው ጽናት ዘንድ ሄዱ። እማም ካልወሰደች ለምን ሄደች አለች። የጎረቤት ሴቶችም እንዲሁ አሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንጃ፣ የሰው ነገር አይታወቅም አልኩ።

አንቺ ባለፈው፣ ማሽኑ ሲሠራ በቪዲዮ አሳየኝ ብለሽ ሙጭጭ ስትይ መውጫ አጣሁ። እስቲ ልሞክረው ብዬ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። በመጀመሪያ ጎማውን ፈትቼ ነፋሁበት፣ አየር ያሳልፋል። ማሽኑን በጎኑ አስተኛሁትና ከታች ፓምፑን በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁ። በቴስተር ስለካው ደህና ነው፣ ኤሌክትሪክ ስሰጠው ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። መክፈት ነበረብኝ። ግን ይሄ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛል አልኩና በላስቲክ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ የልብስ ማጠቢያና የፍሪጅ ዕቃ የሚሸጠውን ሙንዚርን ታስታውሺዋለሽ፣ አብሮኝ የተማረው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቀው።

ሙንዚር ፓምፑን ተቀበለኝና ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ይሄማ ውስጡ ይንኳኳል፣ ከፍተኸዋል ወይ አለኝ። ተቃጥሏል እኮ አልኩት። ሁለት ብሎን ፈታና በባንኮው ላይ ገለበጠው። የደረቀ እንጀራ ወደቀ፣ ቀጥሎ ውሃውን የምትገፋው ትንሿ መዘውር፣ ከጥርሶቿ መካከል የእማ ቀለበት። ሙንዚር ቀለበቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ «ማሻአላህ፣ ፓምፕህ ሳትሰማ አግብቷል!» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ሳቅኩ። ከዚያ እትዬ አትጠገብ ለአሜን የዘረጉት እጅ ትዝ አለኝና ቀለበቱን ተቀብዬው ኪሴ ከተትኩ።

በሚኒባሱ የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን የማስበው የምዋሸውን ውሸት ነበር። የእማ ሣጥን ውስጥ ከጨርቅ መሀል ልጨምረውና ራሷ ታግኘው አልኩ። ወይ ደግሞ ከጓሮ አፈር ውስጥ ዊዳድ ታግኘው። ሰው ደስ ይለዋል፣ እትዬ አትጠገብም ይመለሳሉ፣ እኔም ባለሙያ እንደተባልኩ እኖራለሁ። ደሴ ስደርስ ሁሉንም አሰናድቼው ነበር።

እማ ግን ገና ፊቴን ስታይ ምን ሆነሃል አለችኝ። ቀለበቱን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ አባታችንን ጠራችው። ከየት አገኘኸው ስትለኝ ወደ ማሽኑ ጠቆምኩ። እማ ረጅም ጊዜ ማሽኑን አየችው። ከዚያ፣ እንግዲያው ይህን ሁሉ ጊዜ ያለው እኛ ቤት ነው ማለት ነው አለችኝ። አዎ አልኳት። ያለበት ቤት ሰላም አይደርበት ያልነው በራሳችን ላይ ነው አለች። እኔ የፈራሁት የሰው ወሬ ነበር፣ እሷ ግን ይህን ነው የፈራችው። ከዚያ፣ በሣጥኔ ውስጥ አገኘሁት ብንልስ ብላ ጠየቀችኝ። ልክ የኔን ሐሳብ በእናቴ አፍ ስሰማው አስቀየመኝ። ምን ዓይነት ነገር አስተማርኳት አልኩ በልቤ። አይሆንም እማ፣ አሚን ያሉት ሁሉ መስማት አለባቸው አልኳት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያላፈርኩበት ሥራዬ ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ሼህ በሺር አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምለህ ያስደረግከኝ አንተ ነህ፣ ተውበት አድርግ፣ አላህን ማረኝ በል፣ በሰው ፊት የምትናገረውም አንተው ነህ፣ እኔ አልናገርልህም አሉኝ። ዱዓው የሚነሳው አሚን ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ነው፣ መጀመሪያ ሴትየዋን ለምነህ አምጣ አሉኝ።

ቦሩ ሜዳ ስደርስ እትዬ አትጠገብ በጽናት ግቢ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ከስተዋል። ሲያዩኝ የተቀየመ ሰው አይመስሉም፣ እናትህ ደህና ናት ወይ አሉኝ መጀመሪያ። ቀለበቱ ተገኘ ብቻ አልኩ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እሰይ! እሰይ! እንኳን ተገኘላት፣ ባሏ ያደረገላት አይደል!» ብለው አጨበጨቡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከየት ተገኘ ሲሉኝ ከማሽኑ ሆድ አልኳቸው። ማን ከተተው ሲሉኝ፣ እኔ አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ማጥለያውን ማውጣቴን፣ መሐላዬን፣ ያልፈተሽኩትን። እሳቸው ባቄላውን መፈልፈል ቀጠሉ።

ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «ቀለበቱ ማሽኑ ውስጥ መሆኑን አላወቅክም፣ እሺ። ሳህኑን ከእጄ መውሰድህን ግን ታውቅ ነበር።» ጉልበታቸውን ልስም ብል እጄን ያዙኝ። እመጣለሁ አሉ። የምመጣው ግን ላንተ ብዬ አይደለም፣ እኔም ያን ቀን አሜን ብያለሁ፣ የኔ አሜን በእናትህ ቤት ላይ እንዲቀር አልፈልግም አሉኝ።

ትናንት እሑድ ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። ተነስቼ ተናገርኩ። ያሰብኩትን ያህል አልረዘመም፣ ሰው ሲያፍር ቃሉ አጭር ነው መሰለኝ። ስለ ፓምፑ ስናገር ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ብዙው ግን መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ያን ቀን ዓይኑን ያዞረው እሱም ነበርና። ከዚያ ሁሉም በየተራ፣ ያልኩትን አንስቻለሁ አለ። እማ ስትል እንደዚያን ቀን ጮክ አላለችም። እትዬ አትጠገብም ይቅር ብያለሁ፣ አሜኔንም አንስቻለሁ አሉ፣ በጠራ ድምፅ። ሼህ በሺር ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉና «በስልክ አሚን ያለችውስ?» ብለው ጠየቁ። እነግራታለሁ አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አብረውን በሉ። እማና እሳቸው የልጅነታቸውን ሲያወሩ ዋሉ፣ ሳቁም። እኔም ያለፈ መስሎኝ ነበር። ሊሄዱ ተነስተው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ወደ እማ ዞሩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፋቸውን አሳዩ፣ ገለበጡና ጀርባውን አሳዩ። የነጠላቸውን ጫፍ አራገፉ። አልተቆጡም፣ አላላገጡም፣ የመውጫ ወጉ እንደዚያ የሆነ ይመስል ዝም ብለው አደረጉትና ወጡ። እማ እስኪርቁ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

ማሽኑ ተሠርቷል። መዘውሯን መልሼ ገጠምኳት፣ ማጥለያ ከሙንዚር አግኝቼ አስገባሁለት፣ ትናንት ማታ ስሞክረው ውሃው ያለ ችግር ወርዶ በጎማው ወጣ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እማ አጥፋው አለችኝ፣ አጠፋሁት። በቪዲዮ አሳየኝ ካልሽ አሳይሻለሁ፤ በዚህ ግን የኛም ነገር ተጠግኗል ብዬ አልዋሽሽም።

እቴ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺ የሰማሽው እኔ ያሰማሁሽን ነው። ነገር ግን በዚያ ግቢ ከተባሉት አሚኖች ያልተነሳው ያንቺ ብቻ ነው። ሳህኑን ያጠበው ማነው ያልሽውም እንዳለ አለ፤ እኔ ላነሳልሽ አልችልም፣ ሞክሬ ነበር፣ በሌላ ሰው ይነሳል ወይ ብዬ ሼህ በሺርን ጠይቄያቸው ነበር። አይነሳም አሉኝ።

በተረፈ እማ ዱዓዋን ልካልሻለች፣ ብርድ ልብሱ ደርሷል ብላሻለች። ሙና ሰላም ብላሻለች፣ ወገብሽን በሙቅ ውሃ ያዥው ትልሻለች። ዊዳድ ስምሽን ራሷ ጽፋ አሳይታኛለች፣ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፣ «ዘ»ን ገልብጣዋለች አትታዘቢያት። ሼህ በሺር አላህ በሰላም ያግባሽ ብለዋል። ሙንዚርም ከኮምቦልቻ ሰላም ይልሻል፣ ቀልዱን ግን እኔ አስቀርቼዋለሁ። እዚያ ላሉ የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

እትዬ አትጠገብን ዛሬ ጠዋት በራቸው ላይ አግኝቼ፣ ለዘሀራ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልዎ ብያቸው ነበር። እንደ ወትሮው ልጄን ሳምልኝ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ምንም አትበልልኝ አሉኝ። ያን ቀን እኔን ሳትጠይቅ አሚን ብላለች፣ አሁን ትደውልና መጀመሪያ ትጠይቀኝ፣ ሰላምታዬን ያን ጊዜ እኔው እሰጣታለሁ አሉኝ። ስልካቸው ያው የድሮው ነው፣ አልቀየሩትም።

ወንድምሽ ሀፊዝ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.